ሁለቱ አማቾች የተለዋወጡት ድምፅ

ይድረስ ለተወደደው ወንድሜ ለጋሼ ታፈረ፤
ድሬዳዋ።

አባታችን ትናንት ቀኑን ሙሉ የጎረቤታችንን የላቀውን ስንዴ ሲያርሙ ዋሉ። ከባለቤቱ ከላቀው በቀር አብሯቸው ያረመ ሰው አልነበረም።

ሰላምታው መቅደም ሲገባው ይህን አስቀድሜ መጻፌን ይቅር በለኝ። እጄ ከልቤ ቀድሞ ነው። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል፣ ጋሼ? የድሬዳዋ ሙቀት ጤና ሰጥቶሃል ወይ? አምና አልጋ ላይ የጣለህ ንዳድ ዳግመኛ አልተመለሰብህም? ባለቤትህ ወለተ ሥላሴ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? ትልቁ ትምህርት ቤት መግባቱን የጻፍህበት ደብዳቤ በፋሲካ ደርሶን እናታችን ደጋግመው አስነብበውኛል። አንብቤ ስጨርስ ከመጀመሪያው ጀምርልኝ ይላሉ፤ ስንጀምር ደግሞ ሰላምታው ላይ ያለቅሳሉ። ባቡሩ በሰላም እየወሰደ በሰላም ይመልስህ።

እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት በአካላችን ደህና ነን። ክረምቱ በጊዜው ገብቷል፤ ገብሱ አምሯል፤ ባቄላውም አብቧል። ጥቁሯ ላም ወልዳ ወተት ሞልቶናል፤ አሁን ፍልሰታ ስለሆነ ግን የሚጠጣው ጥጃዋ ነው። ደህና ነን ለማለት የማልደፍርበት ሌላ ነገር አለ። እርሱን ከሥሩ ጀምሬ ልንገርህ።

አስቀድሜ የምሥራቹን። እኅታችን ውባለም ሐምሌ ፲፩ ቀን ዓርብ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እንደ አገራችን ወግ የበኩር ልጅዋን በእናትዋ እጅ እንድትወልድ ባልዋ ካለበት ከወንዙ ማዶ ከሲማዳ የመጣችው በግንቦት ነው። ምጡ ጠንቶባት ነበር፤ እመቤታችን ረድታት በሰላም ተገላገለች። ልጁ ደህና ነው፤ ሲያለቅስ ድምፁ ከእኛ ቤት አልፎ ይሰማል። እናታችን ግንባሩ የታፈረን ይመስላል ይላሉ። ቤቱ እልል ሲል እኔና አባታችን አርብ ገበያ ነበርን። የምርጫው ውጤት የተነገረው በዚያው ቀን ነው።

የምርጫውን ነገር በሬዲዮ ሰምተህ ይሆናል፤ ሬዲዮ ግን የትልልቁን አገር እንጂ የእኛን አያወራም። ከጋይንት አውራጃ ወደ ፓርላማ ከሚሄዱት እንደራሴዎች የአንደኛው ወንበር ለነፋስ መውጫው ሰው እንደሚሆን ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር። ሰው የተፋጀው በሁለተኛው ነው። ለእርሱ የቀረቡት የእኛው የታች ጋይንት ባላባትና ወገዳ አስተማሪ የነበረ አንድ የሲማዳ ሰው ናቸው። አብዛኛው መራጭ ፊደል ስላልቆጠረ ለያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክት ተሰጠ፤ ለእኛው በሬ፣ ለሲማዳው ጥላ። መራጩ ከመጋረጃ ኋላ ገብቶ የወደደው ምልክት ያለበትን ወረቀት አጥፎ ሳጥን ውስጥ ይጥላል። ማን የትኛውን እንደ ጣለ የሚያይ የለም።

የእኛው ሰው፣ ርስታችሁን በገመድ ሊለካ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የእኔን ሬሳ ይሻገር እያሉ ዞሩ። አምና ጎጃም ውስጥ በግብር ምክንያት የሆነውን ሁሉም ሰምቷልና ይህ ቃል ከገበሬው አንጀት ገባ። የሲማዳው ሰው ደግሞ መንገድና ትምህርት ቤት ካልመጣ እህላችሁን በአህያ ስታመላልሱ ታረጃላችሁ እያለ ሰበከ። አንዳቸውም ሐሰት የተናገሩ አይመስለኝም። ነገር ግን ሰኔ ሳይገባ ነገሩ የርስትና የመንገድ መሆኑ ቀረና የጋይንት ሰው ነህ ወይስ የሲማዳ ወደሚል ዞረ። የእኛ ጎረምሶች አንድ የሲማዳ ነጋዴ ጥላ ይዞ ቢያገኙት ቀምተው በዱላ ሰባበሩበት። በወገዳ ገበያ ደግሞ የእኛን ሰዎች ከበው «በሬያችሁ ፓርላማ ገብቶ ምን ሊናገር ነው? እምቧ ሊል ነው?» እያሉ ሳቁባቸው። አብረው ማኅበር የሚጠጡ ሰዎች ጽዋውን ከተቀባበሉ በኋላ ፊታቸውን ወደየግድግዳው ማዞር ጀመሩ።

አሁን የምጽፍልህን በእኛ አጥቢያ የምናውቀው አባታችን፣ የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሩፋኤልና እኔ ብቻ ነን። እናታችን የሰሙት በዚህ ሳምንት ነው። አሁን የምጽፍልህም አባታችን ራሳቸው «ለታፈረ ጻፍለት፤ ከገበያ ሰው ከሚሰማው ካንተ ይስማ» ብለው ስለ ፈቀዱልኝ ነው።

በግንቦት ውባለምን በበቅሎ አስቀምጠው ያመጧት የባልዋ የደምሌ አባት አያ ማሩ ናቸው። ደምሌ እርሻ ስለ ያዘው ቀረ። ያን ዕለት ሴቶቹ ጓዳ ገብተው ስለ ነበር ጠላ የምቀዳው እኔ ነበርሁ። አባ ወልደ ሩፋኤልም ከመደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስለ ከብቱም ስለ ዘመዱም ተጨዋወቱና ወሬው ወደ ምርጫው ዞረ። አባታችን ለበሬው፣ አያ ማሩ ለጥላው ብዙ ደጅ እንደ ዞሩ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ነገር በመካከላቸው መቀመጡ ሁለቱንም አሳፈራቸው። አባታችን «አያ ማሩ፣ ልጄ ባንቱ ቤት ገብታ እኔ ያንቱን ሰው ብጥል ነውር ነው። የኔ ድምፅ ለጥላው ነው» አሉ። አያ ማሩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ይህን የሚያህል ክብር ተቀብዬ እጄን አጣጥፌ ወንዙን ልሻገር? እንግዲያው የኔም ለበሬው ነው» አሉ።

አባ ወልደ ሩፋኤል ሳቁ። «ምን አደከማችሁ? የሁለታችሁ ድምፅ መንገድ ላይ ተገናኝቶ እንዴት ዋላችሁ ተባብሎ ሊተላለፍ ነው። ሁለታችሁም የየራሳችሁን ብትሰጡ ያው አይደለም?» አሏቸው። ነገሩ እውነት ነበር። ግን ቃሉ ከአፍ ወጥቷል፤ አስቀድሞ ቃሉን የሚመልሰው ሰው አማቹን የናቀ ሊመስል ነው። አንዱ ሌላውን እያየ፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ፣ ሁለቱም ልተወው ማለት አቃታቸው። አያ ማሩ መስቀሉን ያውጡልን ብለው ጠየቁ፤ አባ ግን መስቀል ለወረቀት አይወጣም ብለው እንቢ አሉ። እጅ ለእጅ ተማተው ተሳሳሙ። ጋሼ፣ ይህ ነገር ከክፋት እንዳልመጣ ዓይኔ ያየው ነው። ከይሉኝታ ነው የመጣው።

የምርጫው ዕለት አባታችን ንጹሕ ኩታቸውን ደርበው ሄዱ። ከመጋረጃው ኋላ ገብተው ቆዩ። በሰልፍ የቆመው ሰው ከውጭ ሆኖ «ምነው አያ አድማሱ፣ በሬውን እዚያው እየጠመዱት ነው እንዴ?» እያለ ይቀልድባቸዋል። ሲወጡ ፈገግ አሉለት። አጥራችን ጋ ስንደርስ ግን ቆሙና «ይርዳው፣ አማቼን አከበርሁ። አገሬን እንጃ» አሉኝ።

ሐምሌ ፲፩ ቀን የወረዳው ጸሐፊ በገበያው መካከል ድንጋይ ላይ ቆሞ ውጤቱን አነበበ። ያሸነፈው ጥላው ነው። ከዚያ ሴቶቹ ሰው እንደ ሞተ እዬዬ አሉ። ጎልማሶች ኩታቸውን እንደ ለቅሶኛ አዘቅዝቀው ለበሱ። አንድ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ አጠገባቸው ያገኙትን ሁሉ እየያዙ «እንግዲህ ገመዱ ነገ ነው የሚመጣው?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ባላባቱ ራሳቸው ግን «መንግሥት ያቆመው ሕግ ነው፤ ግቡ፣ እርሻችሁን እረሱ» ብለው በቅሎአቸው ላይ ወጡ። ከአንገታቸው ቀና እንዳሉ ሄዱ። ኋላ ቤታቸው ገብተው ለቀናት እህል አልቀመሱም ሲባል ሰማሁ።

ጸሐፊው በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ነገር ግን የየጣቢያውን ቆጠራ እንዲያነብ ታዟልና ቀጠለ። የእኛን አጥቢያ ሲጠራ፣ በሬው ሁሉንም አግኝቷል፤ ለጥላው የወጣች አንዲት ወረቀት ናት አለ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ወደ ሲማዳ ተሻግሮ የአያ ማሩን አጥቢያ ሲጠራ ደግሞ፣ በዚህ ሳጥን ለበሬ የወጣ ወረቀት የለም አለ። አባታችን ከጎኔ ቆመው ነበር። ዱላቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩ። ሌላ ምልክት አላየሁባቸውም።

ቤት ስንገባ እናታችን ከደጅ ተቀብለውን «ወንድ ነው፤ እሰይ በሉ እንጂ» አሉ። አባታችን እግዚአብሔር ይመስገን አሉና ከመደቡ ላይ ተቀመጡ። ልጁን ሊያዩ አልገቡም። እናታችን በምርጫው አዝነው መሰላቸው፤ ተዋቸው አሉኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ የሲማዳ ጎረምሶች ወደ ገበያችን መጡ። ዝናብ የለም፣ ፀሐይም የለም፤ እነርሱ ግን ጥላቸውን ዘርግተው በከብት ተራው መካከል እየተንጎማለሉ «ይህ በሬ ስንት ነው? ሳይመረጥ የቀረ ስለሆነ አይቀነስም?» እያሉ ዋጋ ይጠይቁ ጀመር። ባለበሬው «ሣር እንጂ ወረቀት የማይበላ ስለሆነ ለናንተ አይሆንም» አላቸው። ይህን ያህል ከሳቁ በኋላ ዱላ ተማዘዙ። ፖሊሶች ደርሰው ገላገሏቸው፤ የተፈነከተ እንጂ የሞተ የለም። በዚያው ሰሞን የጨርቅ ነጋዴው ሬዲዮ ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ አለ። አባ ወልደ ሩፋኤል ሰምተው «እነዚያ ጨረቃ ደረሱ፤ እኛ አንድ ወንዝ ተሻግረን ዘመድ መጠየቅ አቃተን» አሉ። የሳቀ አልነበረም።

የዚያች የአንዲት ወረቀት ነገር አጥቢያችንን አመሰው። ከሃዲው ማን ነው? እየተባለ ሰው በየአጥሩ ሥር ተቀመጠ። የላቀው እናት ከሲማዳ የመጡ እንደ ነበሩ ታውቃለህ፤ ካረፉም ብዙ ዘመናቸው ነው። ይህ በቃ። ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳይመሰክርበት ፍርዱ በላቀው ላይ ወደቀ። ስንዴውን ለማሳረም ደቦ ቢጠራ አንድ ሰው አልመጣም፤ ሚስቱ ጌጤ የጠመቀችው የደቦ ጠላ ጋኑ ውስጥ ሆመጠጠ። ከምንጭ ስትደርስ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ አንሥተው ይሄዳሉ። ላቀው የሰውን ፊት ያውቃል፤ እኔ አይደለሁም ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ «ወይ ጉድ! አንዲት ወረቀት እንዲህ ከከበደቻችሁ ሁለት ወረቀት ቢወጣ አገር ልትለቁ ነበር» ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ጥፋቱን እንዳመነ ተቆጠረበት። አባታችን እዚያው ነበሩ፤ ሰምተዋል።

ልጁ በተወለደ በሁለተኛው ሳምንት ደምሌ ሚስቱን እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል መጣ። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ በገመድ ተስቦ እንደ ተሻገረ ኋላ ሰማሁ። ማርና ቅቤ፣ አንድ ሙክትም ይዟል። ዝናቡ እያወረደበት መጣ። ጥላ አልያዘም፤ በእኛ ሰፈር ጥላ ይዞ መታየት ሰው እንደሚያስቀይም አስቦ ነው። ገሳ እንኳ አልለበሰም፤ ከራሱ እስከ እግሩ ርሷል። አባታችን ከአጥሩ በር ላይ ቆመው አላስገቡትም። «ለአባትህ ንገር፤ አድማሱ እጅህን ባዶ አገኘው በለው» አሉት። ደምሌ አልገባውም። «ምን አጠፋሁ፣ አባቴ? ልጄን ልየው» አለ። አባታችን በሩን ዘጉት። ሙክቱ ከውጭ ቀርቶ ሲጮህ ይሰማ ነበር። ውባለም አራስ ናትና ከቤት መውጣት አትችልም፤ ድምፁን ከግድግዳው ወዲህ ሆና ሰማች። «መጣ?» አለችኝ። አዎ አልኋት። «ሄደ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተቷ ቀንሷል፤ እናታችን አብሽ እያጠጧት ነው።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ በኋላ አባ ወልደ ሩፋኤል ራሳቸው ወንዙን ተሻግረው ሄዱ። አያ ማሩ የመለሱላቸው ቃል አጭር ነው። «በሬውን ሰጥቻለሁ። ከሳጥኑ ማን እንዳወጣው አላውቅም» አሉ። አባ ደጋግመው ጠየቋቸው፤ ሌላ አልጨመሩም። ቆጠራውን እዚያ የቆጠሩት የሲማዳ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የእኛ ታዛቢ ወንዙ አግዶት ሳይደርስ ቀርቷል። እንግዲህ ወይ አያ ማሩ ዋሽተዋል፣ ወይ አንድ ሰው በቆጠራ ላይ ያቺን ወረቀት እያየ ጥሏታል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። አባታችን አንድ ቀን፣ ማሩ ዋሽቶኛል ይላሉ፤ በማግሥቱ ደግሞ በሬዎቹን እየፈቱ «እውነቱን ቢሆንስ?» ብለው ራሳቸውን ሲጠይቁ እሰማለሁ። እኔ አያ ማሩ ሲሳሙ ፊታቸውን አይቻለሁ፤ ዋሽተዋል ለማለት አንደበቴ አይታዘዘኝም። ግን ፊት ማስረጃ አይሆንም።

አያ ማሩ ሌላም ቃል ልከዋል። ቀድሞ እንደ ተነጋገርነው የልጁ ክርስትና አባት የሚሆነው የእነርሱ ዘመድ ነው። ልጁ ያለ አባቱ ወገን ክርስትና ከተነሣ ጋብቻው እንደ ፈረሰ እንቆጥረዋለን፤ ደምሌም ሌላ ቤት ይሠራል ብለዋል። ዛቻ አይደለም፤ ልጃቸው ከደጃችን ተመልሷልና እንደዚያ ማለታቸው አይፈረድባቸውም።

ነገሩን እንዲያዩ ከእስቴ ሦስት ሽማግሌዎች ተለምነው እሺ ብለዋል። ከእስቴ የተመረጡት ለእኛ ስለሚያደሉ አይደለም፤ በሌላ አውራጃ ሌላ እንደራሴ ስለ መረጡ በሬም ጥላም የላቸውም። በከተማቸው በመካነ ኢየሱስ አካባቢ የታወቁ ጨዋ ሰዎች ናቸው። አያ ማሩ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ እምላለሁ ብለው ተስማምተዋል። ሽማግሌዎቹ ግን የጠየቁት አንድ ነገር ነው። ማንም ሰው የተከሰሰበትን ሳይሰማ አይምልም፤ ስለዚህ አድማሱ አማቹን ምን እንደበደለው በሁለቱም አጥቢያ ሕዝብ ፊት ቆሞ ይናገር ብለዋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፣ ጋሼ። አባታችን ማሩ ቃሉን በላ ካሉ፣ ቃሉ ምን እንደ ነበረ መናገር አለባቸው። ቃሉን ከተናገሩ፣ ለጥላው የወጣችው ወረቀት የእርሳቸው እንደ ሆነች ሁሉም ያውቃል። ለበሬው ደጅ ለደጅ የዞሩ፣ በማኅበር ላይ ስለ ርስት የተናገሩ፣ ሰው ያመናቸው አያ አድማሱ። ዝም ካሉ ደግሞ ልጃቸውን ያለ ምክንያት ከባልዋ የለዩ ክፉ ሽማግሌ ሆነው ይቀራሉ፤ ውባለምም ልጅዋን ታቅፋ እዚሁ ትቀራለች። ላቀውም የማያውቀውን ወረቀት ተሸክሞ ይኖራል። አባ ወልደ ሩፋኤልን ስለ እኔ እርስዎ ይናገሩልኝ ብለው ለምነዋቸው ነበር። አባ እንቢ አሉ። «በእኔ አፍ ከወጣ የናንተ ነገር ሳይሆን የእኔ ወሬ ይሆናል» አሏቸው።

እናታችን ነገሩን ከሰሙ ወዲህ ከአባታችን ጋር ክፉ ቃል አልተነጋገሩም። አንድ ቀን ብቻ ልጁን አምጥተው እጃቸው ላይ አስቀመጡባቸውና «ይህ ከየትኛው ነው? ከበሬው ወይስ ከጥላው?» ብለው ሄዱ። አባታችን ልጁን ይዘው ብዙ ቆዩ። መጀመሪያ ያዩት ያን ጊዜ ነው።

ትናንት ጧት ሞፈር ቀንበር አላነሡም። ማጭዳቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ላቀው ማሳ ወረዱ። እኔ ከላይ ሆኜ አያቸው ነበር። ላቀው ተነሥቶ «አያ፣ ሰው ያይዎታል እኮ» አላቸው። «አረሙ በዛብህ» አሉትና ጎንበስ አሉ። ላቀውም ከአጠገባቸው ጎንበስ አለ። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆም እያለ ያይ ነበር። አንዱ ጎረቤታችን ወደ እኔ መጥቶ «አባትህ ምን ነካቸው? ለከሃዲ የሚያርሙ?» አለኝ። ዕድሜያቸው ነው፣ ደግነት አበዙ አልሁት። ዋሸሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጌጤ ቂጣና ሽሮ ይዛ ወረደች፤ አባታችን በልተውላት ተነሡ። ላቀው እስከ አጥራችን ሸኛቸው፤ ሲሰናበታቸው እጃቸውን ስሞ ረጅም ጊዜ ያዛቸው። ነገሩ ገብቶት እንደ ሆነ አላውቅም።

ውባለም ምክንያቱን እስከ ዛሬ አታውቅም። እንድነግራት አባታችን አልፈቀዱልኝም። ይህን ደብዳቤ ልጽፍልህ እንደ ሆነ ስትሰማ ይህን ጻፍልኝ ብላኛለች። እርጉዝ ስለ ነበርሁ ለምርጫ አልወጣሁም፤ በሬም ጥላም አልመረጥሁም፤ ያልመረጥሁት ነገር ልጄን አባት ሊያሳጣው ነው በልልኝ ብላለች።

ይህ ደብዳቤ ከእጅህ ሲደርስ ነገሩ አልቆ እንደሚሆን አውቃለሁ። ዛሬ ገበያ ወርጄ ወደ ደብረ ታቦር ለሚሻገር ነጋዴ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱን አንተ ታውቀዋለህ። ምክር እንድትልክ ብዬ አይደለም የጻፍሁልህ። ወሬው በሌላ መንገድ ቀድሞ ቢደርስህ አባታችን ልጃቸውን በምርጫ ሸጡ ሲባል እንዳታምን ነው። አማቻቸውን ለማክበር ብለው የገዛ አገራቸውን የጣሉ ሰው ናቸው፤ አሁን ያዘኑት ግን ከሁለቱም ወገን ስለ ተለዩ ነው። ብትጸልይላቸው ይጠቅማቸዋል።

እናታችን ጉንጭህን እየሳሙ፣ ለወለተ ሥላሴ ስለ ላከችው ነጠላ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይላሉ፤ ለቅዳሴ እንጂ ለሌላ አይለብሱትም። አባታችን ሰላም በልልኝ ብለዋል። ባለቤቴ የሺ እንዴት ሰነበትህ ትልሃለች፤ ልጆቼም አጎታችን የሚነዳው ባቡር ከበሬ ይበልጣል ወይ እያሉ ይጠይቃሉ፤ አጎታችሁ ባቡሩን አይነዳም፣ ይጠብቃል እንጂ ብላቸው አላመኑኝም። ውባለም ሰላም ትልሃለች። አባ ወልደ ሩፋኤል በጸሎታቸው ያስቡሃል። አክስታችን አመተ ሥላሴ እግራቸው ተሽሏል፤ ሳይሞቱ ፊትህን እንዲያዩ ይለምናሉ። ላቀውና ጌጤም ሰላም በሉልን ብለዋል፤ ከሌላው ጎረቤት ግን ዘንድሮ ሰላምታ አልሰበሰብሁም።

ልጁ ማክሰኞ ነሐሴ ፳ ቀን ክርስትና ይነሣል። ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ከዚያ በፊት፣ እሑድ ነሐሴ ፲፰ ቀን ከቅዳሴ በኋላ፣ ወንዙ አጠገብ ካለው ከዋርካው ሥር ነው። አያ ማሩ እመጣለሁ ብለዋል፤ ደምሌም ይመጣል። አባታችን ይናገሩ ወይም ዝም ይበሉ ገና አልቆረጡም። ዛሬ ጧት ስጠይቃቸው «እሑድ ሲደርስ አያለሁ» አሉኝ።

ወንድምህ ይርዳው አድማሱ

ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ አጠገብ
ነሐሴ ፱ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.